ይታይሽ እጇን የለካች ጊዜ

ባለፈው መስከረም አጋማሽ፣ ፀሐይ ሞቅ ባለችበት አንድ ረፋድ፣ እኔና ጎረቤቴ ይታይሽ በበሬሳ ወንዝ ዳር ብርድ ልብስ እናጥብ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የከረመውን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥቶ ማጠብ የደብረ ብርሃን ሴት ልማድ ነው። እኔና እሷ ደግሞ ሙሽሮች ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ አብረን እንጨምቃለን። የራሰ ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ጫፍ ይዛ፣ በተቃራኒ እየጠመዘዙ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው።

ብርድ ልብሱ ተጠምዝዞ እንደ ገመድ ሲወጠር የእሷ ጫፍ በድንገት ለቀቀ። እኔ በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ተለጥጬ ስለነበር በጀርባዬ ሄጄ ወንዙ ውስጥ ተዘረርኩ። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ቅዝቃዜው ግን ትንፋሼን ቀጥ አደረገው።

“ምነው ይታይሽ! ልትገድዪኝ ነው?” አልኳት፣ ነጠላዬን ከውኃው ላይ እየለቀምኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ድንጋዩ ላይ ቆማ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ታያቸዋለች።

“እኔ ልሙት፣ አልለቀቅሁትም” አለች። “እጄ ራሱ ተከፈተ።”

ከወንዙ ቅዝቃዜ ይልቅ ይህ ቃሏ አስደነገጠኝ።

ይታይሽን የማያውቅ ሰው ለምን እንደደነገጥኩ አይገባውም። የተወለደችው አንኮበር ነው፤ በትዳር ወደ ደብረ ብርሃን መጥታ፣ ዕድሜዋን በሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል ኖራለች። የሰፈሩ ሰው የተጣበቀ ክዳን፣ የደረቀ ቡሎን፣ አልከፈት ያለ የጋዝ ሲሊንደር ሲያቅተው የሚያመጣው እሷ ዘንድ ነበር። አንድ ቅዳሜ በግ ተራ ውስጥ ገመዱን በጥሶ የሮጠ ሙክት በአጠገቧ ሲያልፍ ቀንዱን ይዛ አቆመችው። ባለቤቱ እስኪደርስ በሌላ እጇ ጎመን ትመርጥ ነበር ብለው ያወራሉ። ጎመኑን እኔ አላየሁም፤ በጉን ግን አይቻለሁ። ያ እጅ ራሱ ተከፈተ ሲባል የማን ልብ ይችላል?

ብርድ ልብሱን ሳንጨምቅ እያንጠባጠብን ወደ ቤት ስንሄድ ይታይሽ፣ “ልጂቱንስ እንዴት ላደርግ ነው?” አለችኝ።

ልጂቱ የወለተሐና ልጅ ናት። ወለተሐና ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ሴት ናት፤ የምትኖረው ከተማችን ዳር ባለው መጠለያ ነው። ከይታይሽ ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ነሐሴ መጨረሻ ሴት ልጅ ስትወልድ ይታይሽ አጥሚት አስይዛ ጠየቀቻት፤ ያን ዕለት ወለተሐና እጇን ስማ፣ “እማማ፣ እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ለልጄ የክርስትና እናት ሆነው ዘመድ ይሁኗት” አለቻት። ይታይሽም በደስታ እሺ አለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቄሱ ሕፃኗን ከውኃው ሲያወጧት የሚቀበሏት የክርስትና እናቷ እጆች ናቸው፤ ራቁቷን፣ ርሳ፣ እያለቀሰችና እየተራገጠች። ብርድ ልብስ ያልያዘ እጅ ይህቺን እንዴት ይይዛል?

በይታይሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሀፊዛ የምትባል የአልዩ አምባ ልጅ አለች። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ የሰነፈ እጅና እግር በእንቅስቃሴ ማከም ነው። የዚያኑ ቀን ማታ ነገርናት። ሁለት ጣቶቿን ይታይሽ መዳፍ ውስጥ አስገባችና፣ “እስቲ ይጨምቁኝ እማማ” አለች።

“እየጨመቅሁ ነው።”

ሀፊዛ ቀና ብላ አየችኝ። ጥርሷ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ዓይኗ ግን ደንግጧል።

በማግስቱ ሥራ ቦታዋ ወስዳ ለሐኪም አሳየቻት። ሐኪሙ ፊቷን፣ ክንዷን፣ አነጋገሯን መረመረ፤ ደሟንም አስለካ። የጭንቅላትም የነርቭም ችግር አላገኘባትም። ከዚያ ሀፊዛ የእጅ ጭበጣ መለኪያውን አስያዘቻት። እጀታውን ሲጨብጡት መርፌው የሚሄድ ዕቃ ነው። ይታይሽ ጥርሷን ነክሳ ጨበጠችው። መርፌው ትንሽ ተነሥቶ ቆመ። እንዳቅሚቲ ልሞክር ብዬ እኔ ስጨብጠው ከእሷ አለፍኩ። አፈርኩ! በሕይወቴ ሙሉ ይታይሽን በእጅ በልጬ አላውቅም፤ መብለጤ እንደ ሐዘን ነው የተሰማኝ።

“አይዞዎት፣ እጅ ይመለሳል” አለች ሀፊዛ። “ግን በየቀኑ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤት ውስጥ ይለካል።”

“በምን እንለካዋለን? ያንን መርፌ ታመጪልናለሽ?”

“ጀሪካን የለም እንዴ?”

አለ። ጥቁር፣ እጀታው የጠነከረ ትንሽ ጀሪካን። ውኃ ይጨመርበታል፤ ይታይሽ ክንዷን ዘርግታ ከጎኗ ታንጠለጥለዋለች፤ ጣቶቿ መላላት እስኪጀምሩ ሀፊዛ ቀስ ብላ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ካደገ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ኩባያ ውኃ ይጨመራል። በመካከል እርጥብ ጨርቅ ትጨምቃለች፣ የበግ ጠጉር ድብልብል አድርጋ በመዳፏ ትጨብጣለች፣ ጣቶቿን በላስቲክ አስራ ትከፍታለች። የሚያም ከሆነ ማቆም ነው። ውኃ የመሙላቱን ሥራ የወሰደችው የልጇ የጌጡ ሚስት ትርሲት ናት። ትርሲትን ምራት ብዬ ስጠራት ከንፈሬን ይከብደዋል፤ ከወለዷት ልጅ የምትበልጥ ሴት ናት።

እንዴት ያለ ነገር ነው! በየቅዳሜው ይታይሽ ጨመረች። ኩባያ ላይ ኩባያ ተጨመረ፤ ክንዷ አልተንቀጠቀጠም። ጥቅምት ሲጋመስ ወለተሐና ልጇን አዝላ መጥታ በዓይኗ አየችና እልል አለች።

“እንግዲህ ልጄ እናት አገኘች!”

“ገና ምን አይተሽ” አለች ይታይሽ። “በኅዳር አንቺንም ልጅሽንም በአንድ እጅ ነው የማነሣ።”

ሁላችን ስንስቅ ሀፊዛ ጀሪካኑን ወደ ጥግ ልታስቀምጥ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ከባድ ይሆናል ብላ በኃይል ስለሳበችው ጀሪካኑ ከወለሉ ተስፈንጥሮ እስከ ደረቷ ወጣ፤ እሷም ወደ ኋላ ተንገዳገደች።

“ያ አላህ! ይሄ ባዶ ነው እንዴ?”

ሀፊዛ ነቀነቀችው፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ውኃ ተንቦጫረቀ። ሁላችንም ወደ ትርሲት ዞርን። ትርሲት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

“ትርሲት፣ ኩባያውን ስትጨምሪ በዓይኔ እያየሁ አልነበር?” አለች ይታይሽ።

“ጨምሬያለሁ እማማ። እርስዎ ሲዞሩ ደግሞ ሁለት እቀንሳለሁ።”

“ለምን?”

“በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ክንድዎ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላስችለኝ ብሎ ነዋ! እኔ ቁጭ ብዬ እናቴ ውኃ ታንጠልጥል? ሰው ፊትስ ቢያፍሩ?” ትርሲት አለቀሰች።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሁለተኛዋ ቅዳሜ።”

ይታይሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል የደነገጠ ፊት ያየሁት መርዶ ሲነገር ብቻ ነው። ወደ ወለተሐና ቀና አለችና፣ “ልጄ፣ ሌላ እናት ፈልጊላት። እኔ ልጅሽን ውኃ ላይ አልጥልብሽም” አለች።

ወለተሐና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈች። እንደ ሁልጊዜው አንገቷን የምትደፋ መስሎኝ ነበር።

“ከየት ልፈልግ?” አለች ጮክ ብላ። “ዘመድ ሱቅ ውስጥ አይሸጥ! ነፍሰ ጡር ሆኜ ስመጣ ስሜን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልያዟት ማንም አይይዛትም።”

ከወለተሐና አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ሀፊዛ ጀሪካኑን አንሥታ ራሷ ውኃ ጨመረችበት።

“እንደገና እንለካ። አሁን። እውነተኛውን።”

ተለካ። የይታይሽ ክንድ ተንቀጠቀጠ፤ ጣቶቿ ቶሎ ላሉ። ጀሪካኑ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሁላችን ያለቀላት መሰለን። ሀፊዛ ግን፣ “ወላሂ፣ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል!” አለች። ጨርቁና ጠጉሩ ሠርተውላታል፤ የዋሸው ጀሪካኑ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረች።

“የኔ እህት፣ እንዳትቀየሚኝ። እማማን ያሰነፋቸው በሽታ አይደለም፤ አንቺ ነሽ።”

“እኔ? እኔ ምን በደልኩ?”

“ምንም። በጣም ነው ያከበርሻቸው።”

ይህን ስሰማ የከረመ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ይታይሽ በጠዋት ውርጭ ላይ አንሸራትቷት የእጇ አንጓ ተወልቆ ነበር። ያኔ ሥራዋን ሁሉ ከእጇ ወሰዱላት። አንጓው ዳነ፤ ሥራው ግን አልተመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ ምን እንደያዘች ላስታውስ ሞከርኩ። እጇን ስትታጠብ ውኃውን የምታፈስላት ትርሲት ናት። ዳቦ የሚቆረስላት፣ ብርቱካን የሚላጥላት፣ ጃንጥላ የሚያዝላት ናት። እንዝርቷን እንኳ፣ “ይረፉ እማማ” ተብሎ ሰቅለውባታል። ያቺ ሙክት የምታቆም ሴት ዓመት ሊሞላ ሲል ከማንኪያና ከመቋሚያ በቀር የያዘችው ነገር አልነበረም! በፍቅር እንዲህ ይደረጋል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ተገለበጠ። ጀሪካኑን የምትሞላው ይታይሽ ራሷ ሆነች። የድፎውን ሊጥ እሷ አሸች፤ እንዝርቷ ከተሰቀለበት ወረደ። ትርሲት ልትነሣላት ባለች ቁጥር፣ “ቁጭ በይ፣ ገዳዬ!” ትላታለች። ትርሲት ቁጭ ትላለች፤ ግን እጆቿን ከጭኗ በታች አድርጋ ነው፣ አለዚያ ራሳቸው ይዘረጋሉ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ይታይሽ አዲስ ጭንቀት አመጣች።

“ጀሪካን አይራገጥም” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስለዚህ ከኔ ቤት ግልገል አመጣሁላት። ፀሐይ ላይ በለብ ያለ ውኃ አርሰን፣ በቄሱ ፈንታ እኔ ከገንዳው አውጥቼ አቀበልኳት። መጀመሪያ ግልገሉ ከእጇ ሾልኮ በትርሲት ራስ ላይ ዘሎ ሲወጣ የትርሲት ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። ሀፊዛ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይታይሽ አልሳቀችም። “ድገሚልኝ” አለች። ስንደጋግም ስንደጋግም፣ ግልገሉ መራገጥ ሰልችቶት እጇ ላይ አንገቱን አስተኛ።

ኅዳር ላይ ቀኑ ደረሰ። ማለዳው እንደ አገራችን ማለዳ ነው፤ ሣሩ በውርጭ ነጭቷል። ክርስትና ቤቱ ውስጥ የድንጋዩ ወለል ባዶ እግራችንን በብርድ ያቃጥላል። ቄሱ መምሬ ወልደኪዳን ጸሎቱን አስረዝመው አደረሱ። ወለተሐና በር ላይ ቆማለች። ይታይሽ ነጭ ጨርቅ በክንዶቿ ዘርግታ ከጎህ ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ ትርሲት ከኋላዋ ናት።

መምሬ ሕፃኗን ከውኃው አወጧት። ልጂቱ ጮኸች፤ ተራገጠች። ይታይሽ ተቀበለቻት። በሁለት እጇ ያዘቻት፤ ጣቶቿ ጨርቁ ላይ ሲቆልፉ አየሁ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣ ይታይሽ ቁልቁል መውረድ ጀመረች።

እግዚኦ! ክርስትና ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። እግሮቿ ከሥሯ ታጠፉ፤ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ወርዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትርሲት ሁለት እጆቿን ዘርግታ ዘለለች።

“እንዳትነኪኝ!” አለች ይታይሽ።

“ልጄ!” አለች ወለተሐና ከበሩ።

“ይዣታለሁ። የከዳኝ እግሬ ነው።”

እውነትም ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፤ ጨርቁ እንኳ አልተዛነፈም። መምሬ ወልደኪዳን እኛን ሁሉ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ፣ “እንግዲያማ እኛ እንወርዳለና” ብለው በርከክ አሉና ሜሮኑን እዚያው ቀቧት። ስሟንም ወለተ ሥላሴ አሏት።

ከቅዳሴ በኋላ ስንወጣ ሀፊዛ ከቅጥሩ ውጭ ትጠብቀን ነበር። የሆነውን ስንነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“እግር! እግራቸውን እኮ አልለካንም!”

ትርሲት ይህን ስትሰማ አላስቻላትም፤ “በሉ ልጂቱን ይስጡኝ እማማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው” ብላ እንደገና እጆቿን ዘረጋች። ይታይሽ ሕፃኗን አጥብቃ ይዛ ትንሽ አየቻት። ልጂቱን አልሰጠቻትም። አንድ ክንዷን ለቀቀችና የትርሲትን ትከሻ ያዘች፤ እንደዚያ ተደጋግፈው ወደ መጠለያው ቁልቁል ወረዱ።