ብልሁ ሞተርና የእናቴ ዓርብ

ወደ ላይ ውሃ የሚገፋልን አሮጌው ሞተር ይጮህ ነበር እንጂ ሥራውን ያውቅ ነበር። አዲሱ ግን ብልህ ነው ተባለ። ያለውም የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ከእሱ ሌላ በናታንያ ከተማ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለውም።

ደረጃው ሥር ሰብስቦ ሰበከን። የምንጠጣው ውሃ ከባሕር ተቀድቶ ጨው የሚወጣለት በመብራት ነው፤ ፎቅ የሚወጣውም በመብራት ነው፤ ስለዚህ ውሃ ማለት መብራት ነው አለ። አዲሱ ሞተር ውሃ ካልተፈለገ ይተኛል፣ ሲፈለግ ብቻ ይነቃል። ሰው አጨበጨበ። እሱ ራሱ የሚኖረው አንደኛ ፎቅ ነው፤ ውሃው ያለ ሞተር ከመንገድ በቀጥታ ይገባለታል። ስለ ቁጠባ ለመስበክ ከዚህ የተመቸ ቦታ የት ይገኛል።

ሞተሩ የሚያጠጣው የላይኞቹን ቤቶች ብቻ ነው። እናቴ መጨረሻው ፎቅ ላይ ናት። ጎኗ ያለው ቤት ለበጋ ብቻ የሚመጡ የፈረንሳዮች ነው፤ ከሥሯ ያሉት ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ በዚያ ሰዓት ቧንቧ የምትከፍት እሷ ብቻ ናት።

እናቴ ቧንቧ የምትከፍተው እንደ ክር አቅጥና ነው። ጎንደር ሳለች ውሃ ከወንዝ በእንስራ አዝላ የወጣች ሴት ናት፤ ዛሬም ውሃ በከንቱ ሲፈስ ካየች ፊቷ ይጠቁራል። ዓርብ ዓርብ በዚያ ቀጭን ውሃ ባልዲዋን ሞልታ ገላዋን ትታጠባለች። ሳትታጠብ ሰንበትን አትቀበልም፤ ከማዕዳችንም አትቀርብም።

ብልሁ ሞተር ያን ውሃ ከቁብ አልቆጠረውም። ማንም የከፈተ ስላልመሰለው ተኝቶ ቀረ፤ ባልዲው ሳይጋመስ ውሃው ቆመ። ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ገባባት። ልጆቼን ይዤ ቤቷ ስደርስ በሩ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ብቻዋን ተቀምጣለች። ማዕዱ ቀርቦ ልጆቹ ሲጠሯት በእጇ ብቻ ብሉ አለቻቸው።

እሑድ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ስልኩን አውጥቶ ሞተሩ ደህና መሆኑን አሳየኝ።

«እናትሽ ናት ቧንቧ መክፈት የማታውቀው» አለኝ በዕብራይስጡ። «እስከ መጨረሻው ታዙረው።»

ናቅሁት። ግን መልእክቱን ያደረስኩት እኔው ነኝ።

«እማ፣ ብሬዙን እስከ ሶፍ ክፈችው ነው የሚልሽ። አለዚያ ማሽኤቫው አይነሣም።»

«ሞተሩ እንዲነሣ ውሃውን ልድፋው?»

«ሂሳኾን ነው አሉ እማ። ቁጠባ።»

«ምኑን ነው የሚቆጥብ?»

«መብራት።»



በሚቀጥለው ዓርብ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩላት። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ከታች ሞተሩ ሲያጓራ ተሰማና ውሃው በኃይል መጣ፤ ከባልዲው እየተፈናጠረ በወለሉ ላይ ወደ ፍሳሹ ወረደ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪሞላ ጠበቀች።

የዚያን ዕለት ሊቀመንበሩ ሕንፃችን ስንት መብራት እንዳተረፈ ለሁላችንም በስልክ ልኮልን ነበር፤ የሚያጨበጭቡ እጆች ሥዕልም ጨምሮበታል። እናቴ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ከማዕዱ ቀረበች። ዳቦው ሳይቆረስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስደፋው አየሽኝ?»

«አየሁሽ እማ።»

«ለልጆቹ እንዳትነግሪብኝ።»