ማርቲን የተረከበው ቤት

የማንኪራ መንደሩ ገበሬ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቡናቸውን የሰረቀችባቸውን ልጅ በቅጡ ያዩዋት ቦንጋ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ቀጭን ናት፤ የትምህርት ቤት ሹራቧ ክርኑ ላይ ተበልቷል። ማርቲ ትባላለች፤ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ስርቆቱ የተፈጸመው በቡና ለቀማ ሰሞን፣ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ በሄደበት ቀን ነው። ማርቲና ሁለት ጎረምሶች ከማድረቂያው አልጋ ላይ ቡናውን በጆንያ ሞልተው ወደ ከተማ ወረዱ። ሰው ሲደርስባቸው ጎረምሶቹ አመለጡ፤ ሸክም የከበዳት ማርቲ ተያዘች።

ፖሊስ ጣቢያው ለልጆች የተለየ ማቆያ አልነበረውም። የሕፃናትን ጉዳይ የምትከታተለው ሳጅን ሰብሌ "ከአዋቂ እስረኞች ጋር አላስገባትም" ብላ ቢሮዋ አስቀመጠቻት፤ ምሳዋንም አካፈለቻት። የማርቲ እናት ሞታለች። አባቷ ሌላ አግብቶ ደካ ከተማ ገብቷል፤ በስልክ ሲጠየቅ "እኔ አልቻልኳትም፣ መንግሥት ያርማት" ብሎ ዘጋው።

ዳኛው ተቸገሩ። ሕጉ ልጅን ለታመነ ሰው በአደራ መስጠት ይፈቅዳል፤ አደራውን የሚቀበል ግን ጠፋ። የቀረው ሩቅ አገር ወዳለ የልጆች ማረሚያ መላክ ነበር። ምስክርነታቸውን ጨርሰው የተቀመጡት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ብድግ አሉ።

"ክቡር ዳኛ፣ እዚያ ማን ይጠይቃታል?"

"ዘመድ ካልተገኘ ማንም።"

ኮፍያቸውን በእጃቸው አሻሹ። "እንግዲያው እኛ ጋ ትሁን።"

ዳኛው ደግመው ጠየቋቸው፤ መልሳቸው ያው ሆነ። ማርቲ ትምህርቷን እንድትቀጥል፣ ሰብሌም ቤት ድረስ እየሄደች እንድታያት ታዘዘ።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ግን አልወደዱትም። "ሌባ ሊያስቀጣ ሄዶ ሌባ ይዞልኝ መጣ" አሉ ለጎረቤት፣ ማርቲ እየሰማች። የቡናውን ማስቀመጫ በቁልፍ ዘጉት። ልጅቷን ያበሏታል፣ ያለብሷታል፤ አያናግሯትም።

አንድ የገበያ ቀን ማርቲ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። "ብዬ ነበር" አሉ እትዬ ብርቄ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ዱላቸውን አንስተው ሊፈልጓት ሲወጡ፣ ሰብሌ ልጅቷን አስከትላ በጫካው መንገድ ስትመጣ አገኟትና ሦስቱም ተመለሱ።

ማርቲ በር ላይ ቆማ ራሷ ተናገረች። ያመለጡት ጎረምሶች ቦንጋ ላይ አስቁመዋት፣ ቤቱ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት ካልነገርሽን እንደበድብሻለን ብለዋት ነበር። ሮጣ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ሰብሌ ለሥራ ወጥታ ስለነበር እስክትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

እትዬ ብርቄ ትኩር ብለው አዩዋት። "ፈርተሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እህልስ ቀምሰሻል?"

"አልቀመስኩም።"

ገብተው ቆጮ በጎመን አቀረቡላት፤ ጨርሳ እስክትነሳ ድረስም አጠገቧ ተቀመጡ።

ጎረምሶቹ በዚያው ሰሞን ተያዙ። አንደኛው፣ አዲሱ የሚባለው፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለእሱ ቤቱን የከፈተ አልተገኘም፤ ታሰረ። ማርቲ ስሙን ባነሳች ቁጥር ድምጿ ይለወጣል።

ዓመት ሲሞላ ዳኛው ጉዳዩን እንደገና አዩት። ሰብሌ ልጅቷ ከክፍሏ ጎበዞች መካከል መሆኗን ተናገረች። ዳኛው ማርቲን "ከእንግዲህ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?" ብለው ሲጠይቋት ከኋላ እትዬ ብርቄ ቀደሟት።

"ቤቷ እያለ የት ትሄዳለች?"

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው መዝገቡን ዘጉት።

ማርቲ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ነርስ መሆን ታስባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ትለቅማለች። ስልኳ ላይ አፍጥጣ ስትውል እትዬ ብርቄ ይቆጧታል፤ እሷም አፏ አያርፍም፣ ትመልስላቸዋለች። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጭቅጭቁ ሲበረታ ወደ ንብ ቀፎዎቻቸው ሹልክ ይላሉ።