አራጅ የጠፋበት ገና

ባለፈው የገና ዋዜማ ከጦር ኃይሎች በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አውራ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ዶሮው ክንፉን ባራገበ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትዮዋ የቀለድኩባት መስሏት ፊቷን አዞረችብኝ። ምክንያቱን ብነግራት ደስ ባለኝ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገና ሰሞን ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ከተኛ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ አልነቃም። እናቴ ከአጠገቡ አትለይም። ኮልፌ ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። እኔ ደግሞ አኩርፌያለሁ፣ ያውም እግዚአብሔርን። ሦስት ቀን አልቅሼ ለምኜ መልስ ሳጣ ጸሎት አቆምኩ። እህቴንም ዘንድሮ ገና የሚባል ነገር የለም አልኳት።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ራህመት አውራ ዶሮ አንጠልጥለው ገቡ። ሙስሊም ናቸው፤ እነሱ ቤት የታረደ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ከነነፍሱ አመጡት። እኛ ቤት የሚያርደው አባቴ ነበር፤ በሰፈሩ ልማድ ሴት አታርድም። እኔም ይህን ሰበብ አድርጌ ይቅርብን ብላቸው ዶሮውን ታቅፈው መንገድ ላይ ወጡ። አላፊ አግዳሚውን «ክርስቲያን ነህ?» እያሉ ማስቆም ጀመሩ። የመጀመሪያው ሙስሊም፣ ሁለተኛውም ሙስሊም። ሦስተኛው ክርስቲያን ሆኖ ተገኘ፣ ግን ደም ይፈራል። እህቴ ከስንት ቀን በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። በመጨረሻ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ የእጁን ግሪስ ታጥቦ፣ በስመ አብ ብሎ አረደልን።

እትዬ ራህመት በዚህ አላበቁም። የማይቀምሱትን ወጥ ሽንኩርት ሊከትፉልኝ ቁጭ አሉ። እኔም በሽንኩርቱ አሳብቤ አለቀስኩ። እሳቸውን ግን ማታለል አይቻልም።

«እግዚአብሔር ትቶናል፣ እትዬ» አልኳቸው።

መክተፋቸውን አላቆሙም። «አልተወሽም። አባትሽም ጋ አለ፣ እዚህም አለ። ያኮረፍሽው አንቺ ነሽ።»

ወጡን እያማሰልኩ በልቤ፣ መድኃኔዓለም፣ አለህ አይደል? አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ግን ስድስት ቀን ሙሉ ደረቴን ጨምድዶ የያዘኝ ፍርሃት ለቀቀኝ። አባቴ ይድናል የሚል ስሜት አልነበረም። የመጣው ቢመጣ ብቻችንን አይደለንም የሚል ነበር።

በገና ጠዋት እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«ነቃ» አለች።

አባቴ ዓይኑን እንደገለጠ መጀመሪያ ውሃ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ገና መድረሱን ሲሰማ ዶሮውን ማን እንዳረደልን። ሦስታችንም መሬት ላይ ተዘርፍጠን እየሳቅን አለቀስን።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ገና አብሮን አክብሮ፣ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው። እናቴ ያን ጠዋት ሌላ ወሬ ይዛ ብትገባ ኖሮስ እያልኩ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። እጮህ ነበር፣ አልዋሽም። ጸሎት ግን አላቆምም ነበር።