የሀፍሳ እጆች

ሱሩር ቦንጋ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጣል። በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ሲወጣ፣ በረንዳው ላይ ልብስ የሚሰፋው ፍቅሩ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ጋሽ ሱሩር፣ ሀፍሳ እኮ ሙዚየም ገባች» አለው። «የሠዓሊው የጋሽ ተድላ ቤት ለጎብኚ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ እሷን ያላያት የለም።»

የሱሩር ሚስት ሀፍሳ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ታማ በተኛችበትም፣ «መልኬን ማንም ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅል» ብላ ቃል አስገብታዋለች። ለመታወቂያ የተነሳቻትን አንዲት ጉርድ ፎቶ እንኳ ራሱ ቀዶ ጣላት። ኋላ ምን ያህል እንደቆጨው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ሱቁን እይልኝ» አለ ከሰዓት። «ላስወርዳት ነው።»

እምቢ ቢሉኝስ እያለ ዳገቱን ወጣ።

በሩን የከፈተችለት የሠዓሊው ልጅ ብርቅዬ ናት። የሟቹ አባቷ ካፖርት ከምስማሩ አልወረደም፤ ብሩሾቹም የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው።

«ምነው ቆዩ ጋሽ ሱሩር? አገር ሁሉ መጥቶ አየ።»

«የሀፍሳ የቱ ጋ ነው?»

ወደ ጓዳው መራችው። ሱሩር ደፉ ላይ ቆሞ ወለል ወለሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

ፊት የለም። ባንኮኒ አለ፣ አቡጄዲ አለ፣ ሁለት እጆች አሉ። ጨርቁ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ተለክቶ፣ ከክርኑ አልፎ ስንዝር ያህል ተርፏል። ሀፍሳ ምራቂ ሳትጨምር ቆርጣ አታውቅም። የሱቁ መዝጊያ የሰበራት ትንሿ ጣቷም እንደጎበጠች ናት።

«ፊቷን አልሳለውም?»

«አባዬ ለምኗቸው ነበር። ‹ጋሽ ተድላ፣ እጄን ከፈለጉ ይኸው፣ ሥራ ላይ ነው› አሉት።»

ሱሩር የሠዓሊው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«እሱ ላይ እንኳ መቀመጥ ክልክል ነው» አለች ብርቅዬ ቀስ ብላ።

«ትንሽ ብቻ።»

«ይቀመጡ።»

እጆቹን አያቸው። ሳያስበው ፈገግ አለ፤ አይኑንም በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ብርቅዬ መስኮቱን ልክፈት ብላ ዞረችለት።

ሲመለስ ፍቅሩ መኪናውን አቆመ።

«አስወረዷት?»

«ሥራ ላይ ናት» አለ ሱሩር፣ ባንኮኒውን ከፍቶ እየገባ። «አልረበሽኳትም።»