ለማስረከብ የተገዛ ክላሽ

ዙቤይዳ የባሏን ክላሽ የሸጠችው ልጇ ቶፊቅ ባጃጅ ሊነዳ ከሚሴ በገባ ሰሞን ነው። ለጎረቤት አልተናገረችም፤ ልጇንም አላማከረችም። ሰንበቴ ገበያ ወርዳ የከብት ደላላውን አያ ሲራጅን ፈልጋ ጠጋ አለችና፣ "ያ የሟቹ ዕቃ ከቤቴ ይውጣልኝ" አለችው። በሬ የሚያሻሽጠው ሲራጅ ሌላም ነገር እንደሚያሻሽጥ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ምን ዕቃ ብሎ አልጠየቃትም።

ሟቹ ሙሀመድኑር ክላሹን የገዛው ለከብቶቹ ብሎ ነበር። በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ከየአቅጣጫው የሚነዳው መንጋ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ይገናኛል። መንጋ ሲገናኝ እረኛ ይጋጫል። ሰውዬው ግን ዕድሜ ልኩን ሰው ላይ አልተኮሰበትም። የተኮሰው ሰርግ ላይ፣ ወደ ሰማይ ነው፤ ለዚህም ነው የሙሀመድኑር ክላሽ ድምፁ ሳይቀር የሚታወቀው። እሱን ራሱን ኩላሊቱ ገደለው።

ከሞተ በኋላ መሳሪያው አልጋ ስር ተኛ። ቶፊቅ ግን አላስተኛው አለ። ያወጣዋል፣ ይወለውለዋል፣ ይመልሰዋል። አንድ ቀን በግጦሽ ጠብ ተሰድቦ መጣና ከማንም ሳይነጋገር አልጋው ስር ገባ። ዙቤይዳ መሬት ላይ ተዘርግታ በሩን ዘጋችው።

"እኔን ረግጠህ ውጣ!"

አልረገጣትም። መሳሪያውን መልሶ ወጣ። እሷ ግን በዚያ ቀን ዓይኑ ውስጥ ያየችውን ነገር መርሳት አቃታት። ያን ጊዜ የሰፈሩ ወጣቶች አንድ በአንድ ወደ ጫካ እየተሰወሩ ነበር። መሳሪያ ያለው ቀድሞ ይሄዳል፤ የሌለው ያመነታል። "የኔው ከሚያመነቱት ይሁንልኝ፣ ያ ረቢ" አለች።

ሽያጩ የተፈጸመው በሲራጅ የገለባ መጋዘን ውስጥ ነው። ገዢው በሬ ሊሸጥ ከደጋው በኩል የወረደ፣ ልጆች ያሉት ሰው ነበር። በሬዎቹን ሌቦች ነድተውበት ያውቃሉ። ስሙን ነገራት፤ አገሩንም ነገራት። ከዚያ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን ቀሩ። የመሳሪያ ንግድ ወረቀት የለው፣ ማኅተሙ ይኸው ፋቲሃ ነው፤ ሻጭ የገዢን ስም አያወጣ፣ ገዢም የሻጭን ስም አያወጣ። ያወጣ እንደሆነ በልጁ ይድረስበት ተባብለው ተማማሉ።

"አሚን" አለች ዙቤይዳ፣ ፊቷን በመዳፏ እየዳበሰች።

ሲራጅ መሳሪያውን ለገዢው ከማቀበሉ በፊት ማንገቻውን ፈታና ለእሷ ሰጣት። አስቦበትም አልነበረም፤ እጁ ለምዶት ነው። በዚያ አገር በሬ የሸጠ ሰው በሬውን እንጂ ገመዱን አይሸጥም፤ ከገመዱ ጋር በረካው ከበረት ይወጣል ይባላል። ዙቤይዳም አልገረማትም። ማንገቻውን ወስዳ የባሏ ቆብ ከተንጠለጠለበት ምሰሶ ላይ ሰቀለችው።

ቶፊቅ ከከተማ ሲመጣ ምሰሶውን አየ፤ አልጋው ስር ጎንበስ ብሎም አየ።

"አባቴን ሁለቴ ቀበርሽው" አላት።

ለወራት ፊቱን አዞረባት። ከዚያ ግን ባጃጁ ወሰደው። ዳቦና ሎሚ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ አስቸጋሪ ተሳፋሪዎቹን በድምፃቸው እየኮረጀ ያስቃት ገባ። "እማ፣ አንዷ ፍየል ይዛ ገብታ፣ ለፍየሏ አልከፍልም፣ ቆማ ነው የሄደችው አትለኝም!" ዙቤይዳ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። አሸነፍኩ ብላ ነበር።

ፈታሾቹ የመጡት ማሽላ በሚታጨድበት ወር ነው። ቶፊቅ ለአጨዳው ሊያግዛት ከከሚሴ መጥቶ ነበር። ፀሐይ ወጣ ስትል ሁለት ፒክአፕ ሙሉ ታጣቂ ሰፈሩን ከበበው። መሳሪያ ይሰብሰብ ተብሏል አሉ። ከዙቤይዳ ቤት የደረሱት አምስት ነበሩ፤ አለቃቸው ጥቁር መነጽር አድርጓል።

"የሙሀመድኑር ክላሽ የት አለ?"

"እሱም የለ፣ ክላሹም የለ ልጄ። ሸጥኩት።"

"ሁሉም ሸጥኩት ነው የሚለው። ግቡ!"

ገቡ። ጎታውን ገልብጠው ያንን ሁሉ እህል ወለል ላይ ደፉት። ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱት። ምድጃውን ሳይቀር ቆፈሩት። ምንም አላገኙም። አንዱ ቀና ሲል ማንገቻውን አየና አውርዶ ለአለቃው ሰጠው።

አለቃው ሳቀ። "ፈረሱን ሸጣ ልጓሙን ያስቀረች ሴት ዛሬ አየሁ!"

"ወግ ነው ልጄ። በሬ ስንሸጥ ገመዱን እናስቀራለን፣ እንደዚያው ነው…"

"በሬ ነው ያልኩሽ እንዴ?"

ከታጣቂዎቹ አንዱ የዚያው አገር ልጅ ሳይሆን አልቀረም፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። "አለቃ፣ እዚህ አካባቢ እውነትም ገመዱን…" ብሎ ጀመረ።

"አንተ ፈትሽ ነው የተባልከው ወይስ ተርት?"

ከዚያ በኋላ ዙቤይዳ የዚያን ታጣቂ ፊት ልታይ ብትሞክርም ቀና አላለላትም።

ቶፊቅን ወደ ግቢው አውጥተው በጉልበቱ አንበረከኩት። "መሳሪያውን አውጣ" አሉት። እናቴ ሸጣዋለች አለ። በጥፊ መቱት፤ ሸጣዋለች አለ። በሰደፍ ጀርባውን መቱት፤ አሁንም ያንኑ አለ።

"የምትተኩሰው በየትኛው እጅህ ነው?"

"ተኩሼ አላውቅም፣ ወላሂ! ባጃጅ ነው የምነዳው!"

"ነዳጅ የምትሰጠውስ በየትኛው ነው?"

ቶፊቅ ሳያስበው ቀኝ እጁን አየ።

ሁለት ታጣቂዎች ያንኑ እጁን ይዘው ደጅ ካለው የወፍጮ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አለቃው ወደ ዙቤይዳ ዞረ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር፤ እሷን ያስፈራት እሱ ነው።

"እናቴ፣ አምኜሻለሁ እንበል። ሸጠሻል። ለማን? ስሙን ንገሪኝና እኛም ወደዚያ እንሂድ፣ ልጅሽም ወደ ማሽላው።"

ስሙ አፏ ውስጥ ነበር። የሰውዬው ፊት መጣባት፤ ልጆች እንዳሉት የነገራት ትዝ አላት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከዚያ ቤት ሲደርሱ እጅ የሚያስቀምጡበት ድንጋይ አያጡም። ፋቲሃውም አለ። በልጄ ይድረስብኝ ብላ አሚን ያለችው በገዛ አፏ ነው። አሁን ብትናገር በልጇ ይደርሳል፤ ባትናገርም እየደረሰ ነው።

"እማ! ማሎ፣ ንገሪያቸው!" አለ ቶፊቅ። ማሎ የሚለው ሲጨንቀው ነው። ልጅ ሳለም ሲቀጡት እንዲህ እያለ ነበር የሚለምነው።

"አላውቀውም" አለች ዙቤይዳ። "የገበያ ሰው ነው። አላውቀውም።"

ሰደፉ ወረደ።

ቶፊቅን ፒክአፑ ላይ ጫኑት። "ክላሹን ይዘሽ ቀበሌ ነይ፣ ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ" ብሏት ሄደ አለቃው።

ዙቤይዳ የተደፋውን እህል እንኳ ሳትሰበስብ ላሟን ከነጥጃዋ ፈትታ ወደ ሰንበቴ ነዳች። የገበያ ቀን አልነበረም። ሲራጅን ከቤቱ ደጅ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ላሟን አየ፤ እሷን አየ፤ ነገሩ ገባው።

"የወሰዱት ልጅሽን ነው ወይስ ወንድምሽን?"

"ልጄን ነው አያ ሲራጅ። ክላሽ ፈልግልኝ።"

"አንቺም?" ሲል ተነፈሰ። "ድሮ ሰው መሳሪያ የሚገዛው ጠላት እንዳይመጣበት ነበር። ዘንድሮ ሲመጣበት ሊያስረክበው ይገዛል። ከሰኞ ወዲህ የመጣብኝ ገዢ ሁሉ እንዳንቺ እያለቀሰ ነው።"

"ሻጩስ ማነው ታዲያ?"

"ነገ እፈተሻለሁ ብሎ የፈራ። ዛሬ ይሸጥልኛል፤ ከነገ ወዲያ ተቀጥቅጦ መልሶ ሊገዛ ይመጣል። እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ከሁለቱም እበላለሁ።"

ከገለባው ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አንድ ክላሽ አወጣ። አፈሙዙ ዝጓል፤ እንጨቱ በሽቦ ታስሯል።

"ይሄ ይተኩሳል እንዴ?"

"ልታስረክቢው ነው እንጂ ልትተኩሺው ነው?"

ላሟን ከነጥጃዋ ሲረከባት እንደ ልማዱ ገመዱን ፈትቶ ዘረጋላት። ዙቤይዳ እጁን ገፋችው።

"ውሰደው። ከነገመዷ ውሰዳት። የቀረኝ በረካ ይበቃኛል።"

ከቀበሌው ግቢ ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አለቃው ከረጢቱን ፈትቶ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ሽቦውን አየ። ይሄ ያ የሚወራለት የሙሀመድኑር ክላሽ አለመሆኑ የገባው መሰላት።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"አየሽ እናቴ? ጠዋት ብታወጪው ኖሮ ልጅሽ አይጎዳም ነበር።"

ከዚያ መሳሪያውን በሁለት እጇ አስይዞ ከፊት አቆማትና፣ እኚህ እናት ስለ ሰላም ብለው በፈቃዳቸው አስረክበዋል ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳት። በጭብጨባው መሀል ቶፊቅን ከኋላ ክፍል አወጡት። ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎታል። እናቱን አየ፤ እጇ ላይ ያለውን አየ፤ እዚያው ቀጥ አለ።

እስከ ወጌሻው ቤት ድረስ አላናገራትም። ወጌሻው ሽማግሌ ነው፤ ያበጠውን አንጓ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ "ይጠገናል፤ መጨበጡን ግን እንጃ" አለና ሸምበቆ ሊሰነጥቅ ወደ ጓሮ ወጣ።

"ነበረሽ ማለት ነው" አለ ቶፊቅ። "ቤት ውስጥ እያለሽ ነው ያስመታሽኝ።"

"ወላሂ አልነበረኝም! ዛሬ ነው የገዛሁት፣ ለማስረከብ። በላሚቱ ነው የገዛሁት። ሂድና በረቱን እይ!"

ማመኑን ፊቱ ላይ አነበበች፤ ደስ ሊላት ሲል ቀጠለ።

"እንግዲያ የፊተኛውን እውነት ሸጠሽዋል።"

"ሸጫለሁ ልጄ።"

"የገዛውንም ሰው ታውቂዋለሽ።"

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"ብትዋሺ ኖሮ ይሻለኝ ነበር" አለ ቶፊቅ። "ለመሳሪያው ሳስታ ደበቀች፣ የአባቴ ሆኖባት ነው እል ነበር። አንቺ ግን የሰው ስም ነው ያዳንሽው። በእጄ።"

"ፋቲሃ ቀርተንበታል። በአንተ ነው የማልኩት…"

"በእኔማ ደረሰ እኮ! ምን ቀረሽ?" ድምፁ ሰለለ። "አሁን ለእኔ ንገሪኝ። ማነው?"

ልትነግረው ነበር። አሁን ብትነግረው ማንን ትጎዳለች? መሐላውስ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋታል? ግን አፏን ስትከፍት ዓይኑን አየች። ያ የድሮው ነገር፣ በሩ ላይ ተዘርግታ ሳለች ያየችው ነገር ተመልሶ ተቀምጦበታል። ስሙን ከሰጠችው ይሄዳል። ያልተሰበረ እጅ አለው፤ ክላሽ ደግሞ ገበያው ሞልቶታል። ያን መሳሪያ ከቤቷ ያወጣችው ይሄን ቀን እንዳታይ ነበር።

"አላውቀውም" አለች።

ቶፊቅ ተነሳ። ወጌሻው የተሰነጠቀ ሸምበቆና ጨርቅ ታቅፎ ሲመለስ፣ "አንተ! ሳይታሰር ወዴት?" ብሎ ጮኸበት። ቶፊቅ ወጥቶ ሄደ። ዙቤይዳ ነጠላዋ እየጎተተ እስከ አስፋልቱ ተከተለችው። በግራ እጁ አንድ ባጃጅ አስቆመ። ሹፌሩ ወዳጁ ነበርና ከጎኑ ቦታ ለቀቀለት። ቶፊቅ ግን የፊቱን ትቶ ከኋላ፣ ከተሳፋሪዎቹ መሀል ገባ።

"እናትህ አይደሉም እንዴ?" አለ ሹፌሩ። "አብረን እንውሰዳቸው?"

"ንዳው" አለው ቶፊቅ።