ለአንድ ወንድማችን እንጸልይ

ቁምጣ ያዙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።

ሚኒሶታ እያለሁ አብረውኝ ቸርች ይሄዱ የነበሩ ልጆች ስምንት ሆነው ዊንተሩን ሸሽተው እኔ አሁን ወዳለሁበት ቬጋስ ሊመጡ ሆነ። በረዶ ላይ መንሸራተት የሚችል አንድም የለም፣ ስለዚህ ከተማ እንይ ተባለ። መሪያቸው ደወለና ምን ልብስ እንያዝ አለኝ። በረሃ አይደል እንዴ፣ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ይበቃል አልኩት። እዚህ በዲሴምበር ነፋሱ አጥንት ይቆረጥማል። ሌሎቹ ምንም አላደረጉኝም፣ ግን ከሱ ጋር መጡ፣ አብረው ይንቀጥቀጡ።

እሱ ምን አደረገኝ? ከሁለት ዓመት በፊት ኮሌጅ አቋረጥኩ። ለሱ ብቻ ነገርኩት፣ ለእናቴ ራሴ እስክነግራት በመሃላችን ይቅር ብዬ። "በመሃላችን ነው" አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። እሁድ የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ማይኩን ያዘና "ስም አልጠራም" አለ፤ "ትምህርቱን አቋርጦ እናቱን ለሚያታልል አንድ ወንድማችን እንጸልይ።" ከዛ ዞሮ እኔን አየኝ። ሰው ሁሉ አብሮት ዞረ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

በዚያው ወር ቬጋስ ገባሁ፣ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ተቀብዬ የማቆም ቫሌት ሆንኩ። እማዬ ስትደውል "በላህ?" ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ፣ አለቀ።

እና መጡ። ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ተከራዩ። ሺፍቴን ቀይሬ አዞርኳቸው። እሱ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር ያለበትን የሥራ ጃኬቴን ሰጠሁት። እጮኛው አብራ አለች፣ በሚቀጥለው ወር ቤተሰቧ ጋ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ስትሪፑ ላይ፣ ሆቴሎቹን አይተን እንወጣለን፣ ቁማር የሚባል ነገር አንነካም ብሎ ሁላችንንም ቃል አስገባን። ከምሳ በኋላ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ቀረ። ልፈልገው ካዚኖው ውስጥ ብገባ ቢጫ መስመሬን ከሩቅ አየሁት። ስሎት የሚሉት የቁማር ማሽን ላይ ተጎንብሶ ቁልፉን ይደበድባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልይ ነበር መሰለኝ።

"ወንድሜ፣ በጌታ፣ በመሃላችን ይቅር" አለኝ።

ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። "በመሃላችን ነው።"

ሊሄዱ ሲሉ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ክብ ሠርተን ቆምን። የጸሎት ርዕስ ያለው አለ ብሎ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ።

"ስም አልጠራም" አልኩ። "ትናንት ሽንት ቤት ነኝ ብሎ ስሎት ማሽን ሲጫወት ለነበረ አንድ ወንድማችን እንጸልይ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጌታ ይድረስለት።"

ከዛ ዞሬ አየሁት። ሁሉም አብሮኝ ዞረ።

መሪው እሱ ነው፣ ጸሎቱንም መምራት ያለበት እሱ ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ ስለዚያ ወንድማችን ጸለየ። እጮኛው ዓይኗን አልጨፈነችም። አሜን ሲባል የኔ ድምፅ ከሁሉም በለጠ።

ኤርፖርት በር ላይ ጃኬቴን አወለቀ። እሷ ሳትጠብቀው ገብታለች።

"ረካህ?" አለኝ።

"ገና ነኝ።"

ካፖርቱን ሚኒሶታ ኤርፖርት ፓርክ ያደረገው መኪና ውስጥ ትቶት እንደመጣ ነግሮኝ ነበር። እስከ መኪናው በበረዶ ውስጥ በቁምጣ ነው የሚሄደው። ልበሰው፣ በኋላ ትልክልኛለህ ማለት ይቻል ነበር። ጃኬቱን ተቀብዬ ለበስኩትና ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋሁት።