ጣቶቻቸው ብቻ የሚያውቁት ቃል

ወይዘሮ እታገኝ በዲላ ከተማ፣ በምዕራፍ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ዓመት ሲቀመጡ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። መዝገባቸው ስርዝ ድልዝ የለበትም። የእንግዳውን ስም ሲጽፉ «ኃ»ን ከ«ሐ»፣ «ሠ»ን ከ«ሰ» ለይተው ነው፤ በዘመናችን ለዚህ የሚጠነቀቅ ሰው ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት አሥራ አራት ዓመት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መትተዋል። ዓይናቸው ከረቂቁ ላይ ሳይነሣ ጣቶቻቸው ቃሉን ጨርሰው ይገኙ ነበር።

ሆኖም የደበቁት አንድ ነገር ነበር። ወይዘሮ እታገኝ የላቲንን ፊደል አያነቡም።

ማኅበሩ ፈርሶ ሥራ ፍለጋ ወደ ሆቴሉ በመጡ ጊዜ፣ ባለቤቱ አቶ ጎሹ «እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?» ብለው ጠየቋቸው።

«በመጠኑ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

ሐሰት ብዙውን ጊዜ የምትገባው እንዲህ ባለች ትንሽ ተውሳከ ግስ ተሸፍና ነው። ከእሳቸው በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ሰው፣ የትምህርት ማስረጃው ሐሰተኛ ሆኖ በመገኘቱ በዚያው ዕለት እንደ ተሰናበተ የሰሙት ከተቀጠሩ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ «በመጠኑ»ን የሚያርሙበት ቀን አጡ።

በ2004 ዓ.ም. አቶ ጎሹ ለመኝታ ክፍሎቹ ኢንተርኔት አስገቡ። የሠፈሩ ወጣቶች ከአጥር ውጭ ተቀምጠው እንዳይጠቀሙበት በማለትም፣ የይለፍ ቃሉ ለማንም እንዳይነገር፣ በወረቀትም እንዳይሰፍር አዘዙ። እንግዳ ሲመጣ ቃሉን በኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፉት ወይዘሮ እታገኝ ራሳቸው ይሆናሉ። አቶ ጎሹ ቃሉን ያስተማሯቸው በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው በመምታት ነበር። ወይዘሮዋም ፊደሉን ትተው ቦታውን ያዙ፦ ከላይኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው፣ በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ ጫፍ የተጠጋው፣ እያሉ ዘጠኝ ቦታ። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረጃውን ይወጣሉ፣ ዘጠኙን ቦታ ይመታሉ፣ ኢንተርኔቱም ይከፈታል። ስልኩን ለሚያቀርብላቸው እንግዳ ግን «የተፈቀደው ለኮምፒውተር ብቻ ነው» ይሉታል። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ነበሩ።

በየካቲት ወር 2005 ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ኢናስ የምትባል ወጣት ቡና ቀማሽ ወደ ሆቴሉ ገባች። ወላጆቿ የዲላ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሷ ግን ያደገችው ጅቡቲ፣ አጎቷ ዘንድ ነው። በቡናዋ በምትታወቀው በወርቃ ሦስት ቀን ሰንብታ የአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያን ምርት ስትመረምር ቆይታለች። ሪፖርቷ ከነፎቶግራፎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰው፣ የውጭ አገሩ ገዢ ፊቱን ወደ ሌላ አገር ቡና እንደሚያዞር አስታውቋታል። በከተማው መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ኢንተርኔት ቤቶቹም ተዘግተዋል። ምዕራፍ ሆቴል ጄኔሬተር አለው። አቶ ጎሹ ደግሞ ቢሯቸውን ቆልፈው ለቅሶ ለመድረስ ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ ሄደዋል።

በስምንት ሰዓት ተኩል ወይዘሮ እታገኝ ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል ወጡ።

«እዚህ ላይ ነው እትዬ» አለች ኢናስ ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው እያዞረች። ሾፌሯ ጃፋር በሩን ተደግፎ ቆሟል።

ዘጠኙን ቦታ መቱ። ዘጠኝ ጥቁር ነጥቦች በሳጥኑ ውስጥ ተደረደሩ፤ ወዲያው ከሥራቸው ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ሳያስቡት።

ኢናስ ቀና ብላ አየቻቸው። «ቃሉ ስሕተት ነው ይላል። እርስዎ አይደሉ ፊት ለፊቱ ያሉት?»

«መነጽሬን ታች ትቼው ነው።»

መነጽር ኖሯቸው አያውቅም።

እንደገና መቱ። ሦስተኛ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ቦታ በአንድ ጣት እየጫኑ፣ ቀስ ብለው መቱ። ቀዩ ጽሑፍ አልጠፋም።

«ኔትወርክ ይሆናል» አሉ።

«ምስኪን ኔትወርክ!» አለ ጃፋር። «አገሩ ሁሉ ጥፋቱን የሚጭንበት አህያ ሆኖ ቀረ እኮ፣ እማማ።»

«ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይንገሩኝና እኔ ልጻፋቸው» አለች ኢናስ። «ጃፋርም ይወጣል። ከእኔ አያልፍም።»

«አልችልም። የአቶ ጎሹ ትእዛዝ ነው።»

ይህ እውነት ነበር። እውነት የሐሰት ዘበኛ ሆና በቆመች ጊዜ ግን ከሐሰቷ ይልቅ ትከብዳለች።

ወርደው ለአቶ ጎሹ ደወሉ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደገሙ፤ ያው ነው። ጃፋር በመኪና ከተማውን ዞሮ ተመለሰ።

«አንዱ ጋ መብራት የለም፣ አንዱ ጋ ኢንተርኔት የለም» አለ። «አንዱ ጋ ሁለቱም አለ አሉኝ፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን አዋሳ ነው።»

ከላይ የኢናስ ድምፅ ይሰማል፤ ከማጠቢያ ጣቢያው ሰዎች ጋር በስልክ ትነጋገራለች። «አልሄደም። እየሞከርን ነው። አዎ፣ ሰዓቱን አውቃለሁ… ለገበሬዎቹ አሁን ምንም አትንገሯቸው።»

ዐሥር ሰዓት አለፈ። ወይዘሮ እታገኝ በደረጃው ሥር ቆሙ። ዝም ቢሉ ምን እንደሚሆን አሰቡት። ሰዓቱ ያልፋል፤ ልጅቱ ታዝናለች፤ ነገም ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ጥፋቱ የኔትወርክ ሆኖ ይቀራል፤ ወንበሩም የእሳቸው እንደ ሆነ ይቀጥላል። ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም። ሰው በሚፈተንበት ሰዓት ከባዱ ነገር የቅጣት መኖር አይደለም፤ የቅጣት አለመኖር ነው።

ደረጃውን ወጡ።

«ልጄ» አሉ፣ በሩን ሳይዘጉ። «መነጽር የለኝም። ኔትወርኩም ደኅና ነው። ሦስት ዓመት እዚህ ተቀምጫለሁ፤ ይህን ፊደል ግን አላነበውም።»

ኢናስ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አቶ ጎሹ ሲመቱ አይቼ ቦታውን ያዝሁ። ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል፤ ፊደሉን ግን ንገሪ ብትዪኝ አላውቀውም። እስከ ዛሬ ተሳስቶ አያውቅም ነበር።»

«ሦስት ዓመት!» ጃፋር ሳቁ አመለጠው። «እኔ እንኳ መንጃ ፈቃዴን…»

«ዝም በል ጃፋር።» ኢናስ አንገቷን ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች ደፋች። «ቦታውን ነው ያሉት፣ እትዬ?»

«ቦታውን።»

ባዶ ገጽ ከፈተች። «እዚህ ላይ ይምቱት። እዚህ ነጥብ የለም፤ የመቱት ሁሉ ይታያል።»

ወይዘሮ እታገኝ ትእዛዙን ያስታውሳሉ። እጃቸው በአየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መቱ።

«ዜድ፣ ኦ፣ አር፣ ኬ፣ ኪው…» ኢናስ እያነበበች ሄደችና ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የኮምፒውተሬ ነው። ጅቡቲ የተገዛ ነው፤ የፊደል ገበታው የፈረንሳይ ነው። በእናንተ ገበታ ደብልዩ በተቀመጠበት በእኔ ላይ ዜድ አለ፤ ኤ ባለበት ደግሞ ኪው ነው።» ሁለቱን ፊደላት በየቦታቸው አስተካከለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፦ «ወርቃ ቡና።»

«ሦስት ቀን የዋልንበትን አገር ስም ነው በር ላይ ቆመን ስንለምን የዋልነው?» አለ ጃፋር።

ዐሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ኢንተርኔቱ ተከፈተ። ፎቶግራፎቹ ከባድ ነበሩ፤ የመላኪያው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። ከመስኮቱ ሥር ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈ፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ሦስቱም ዓይናቸውን ከመስመሯ አልነቀሉም። ለአሥራ አንድ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሪፖርቱ ሄደ።

ኢናስ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተዘረጋች። ቆይታም፣ «ለጋሽ ጎሹ እኔ ምንም አልናገርም» አለች። «ጃፋርም አይናገርም።»

«እኔ እናገራለሁ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

አቶ ጎሹ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተመለሱ። ወይዘሮ እታገኝ ኮታቸውን እስኪያወልቁ እንኳ አልጠበቁም።

«የይለፍ ቃሉ ይለወጥ። እንግዳ አይቶታል።»

«ማን አሳየው?»

«እኔ ነኝ።» ከዚያም ከ«በመጠኑ» ጀምረው ሁሉንም ነገሯቸው።

አቶ ጎሹ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡ። «በስልክ አይፈቀድም እየተባለ ሰው የሚያማርረው ደንብስ?»

«የራሴ ነው።»

«እኔ ደግሞ የኢንተርኔት አስገቢዎቹ ትእዛዝ ነው ብዬ ለሰው ሳስረዳ ኖርሁ።» ጠረጴዛውን በጣታቸው ጥቂት ጊዜ መቱት። «እንግዳዋ ዝም ብላልሻለች። ለምን ነገርሽኝ?»

«የእሷ ሥራ ትናንት አለቀ፣ ጋሼ። የእኔ ግን ገና ነበር።»

አቶ ጎሹ ከሥራ አላስወጧቸውም፤ ወንበሩን ግን ወሰዱባቸው። የሚቀርብለትን ሁሉ አንብቦ መልስ መስጠት የሚችል ሰው በዚያ ቦታ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ አቶ ጎሹ አልተሳሳቱም፤ ወይዘሮ እታገኝም አልተከራከሩም። መዝገቡንና ቁልፎቹን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰች አክሱማዊት ለምትባል ወጣት አስረክበው፣ በዝቅተኛ ደመወዝ ወደ አንሶላ ክፍል ወረዱ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከገበያ አንድ ያገለገለ የአንደኛ ክፍል የጌዴኦኛ መማሪያ ገዙ። ጌዴኦኛ የሚጻፈው በዚሁ በላቲን ፊደል ነው። ቋንቋው ወይዘሮ እታገኝ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ያደጉበት ስለ ሆነ፣ ቃሉን አንዴ ካነበቡት ትርጉሙን የሚጠይቁት ሰው አያሻቸውም ነበር። ሰኞ ዕለት፣ የታጠበው አንሶላ እስኪደርቅ ድረስ፣ መጽሐፉን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አራት ፊደል ያዙ።